«ሆርሞንሽ ነው» ከማለታችሁ በፊት ስንት ሰዓት እንደተኛች ጠይቁ

ባለፈው ሰሞን ከወልድያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስወርድ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ልጆች አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ያወራሉ። ጉዳዩ ቲክቶክ ላይ የሚሸጥ የማክሲያ ሻይ ነው። «እኔ እኮ ብዙም አልበላም፣ ሆርሞኔ ተዛብቶ ነው» አለች አንዷ። ሻጩም ቪዲዮው ላይ የሚለው ያንኑ ነው። ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ግን አይጠይቅም፤ ምን ገዶት!

ሆርሞን ዘንድሮ የሁሉም ነገር መልስ ሆኗል። ፊት ላይ ብጉር ሲወጣ ሆርሞን፣ ሲከፋን ሆርሞን፣ ስንወፍር ሆርሞን። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ግን ሆርሞን ዝም ብሎ በራሱ ጊዜ አይረበሽም፤ ከሚረብሹት ነገሮች አንዱ የእንቅልፍ እጦት ነው። ሌፕቲን የሚባለው «ጠግበሻል» ይላል፣ ግሬሊን ደግሞ «ብዪ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲያደርጉ ሌፕቲን በ18 በመቶ ወረደ፣ ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ። ኢንተርኔት ላይ በየቦታው የምታገኙት ቁጥር ይሄ ነው። የማይነገራችሁ ነገር ግን የተፈተኑት 12ቱም ወጣት ወንዶች መሆናቸው ነው። አንድም ሴት የለችበትም።

ሴቶች ላይ የተሠራውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በወጣ ጥናት 38 ሴቶች ለስድስት ሳምንት እንቅልፋቸውን በሰዓት ተኩል ገደማ ሲቀንሱ በባዶ ሆድ የተለካው ኢንሱሊናቸው ከ12 በመቶ በላይ ጨመረ። ያረጡት ላይ ጉዳቱ የባሰ ነበር። ልብ በሉ፣ ይሄ የሆነው ስለወፈሩ አይደለም። ሚዛን ላይ ብትወጪ ላይታይ ይችላል፤ ሰውነት ግን ወደ ስኳር በሽታ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ68 ሺህ በላይ ነርሶች ለ16 ዓመት ሲከታተሉ ደግሞ አምስት ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙት ሰባት ሰዓት ከሚተኙት የበለጠ ክብደት ጨምረው ተገኝተዋል።

እኛ አገር ክብደት ሲባል ውፍረት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 8 በመቶው ከልክ በላይ ሲወፍሩ፣ 22 በመቶው ከሚገባው በታች ከስተው ነበር። ለዚህ ነው ማክሲያው በሚሸጥበት ስልክ ማወፈሪያ ኪኒንም የሚሸጠው። በአፍሪካ ብዙ ቦታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማወፈሪያ ከሚወሰዱት አንዱ ዴክሳሜታዞን ነው። ይሄ መድኃኒት ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን የሚመስል ነው፤ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ለመወፈር ተብሎ!

ዲፖ ያወፍራል የሚባለውስ? አንዳንዷ ላይ አዎ፣ ክብደት ይጨምራል። ግን ከጎረቤት ሰምቶ በዝምታ ከማቋረጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሌላ አማራጭ መጠየቅ ይሻላል። የወር አበባ ለወራት ከቀረ፣ አንገት ላይ እንቅርት ካለ፣ ሁሌ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ያኔ በእርግጥም ሆርሞን ሊሆን ይችላል፤ የሚታወቀው ግን በምርመራ እንጂ በቲክቶክ አይደለም። ደግሞ የወሎን ቡና ማን ይነካዋል፣ እኔም አልነካውም! ብቻ ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ሰውነት ካፌይንን ለማስወገድ እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። የማታውን አቦል ጠጥታ ቶናውን ብታልፈው አያስቀይምም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። «ስልክሽን አስቀምጪና ተኚ» የሚል ምክር እንደ ጉድ ይወርዳል። ስልኩ እውነት ነው፣ ሁላችንም እናመሻለን። ሀብሩ ውስጥ ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ምጣድ የሚጥደው ማን ነው? ውሃ ሌሊት ሲመጣ ጀሪካን የሚደረድረው፣ ሕፃን ሲያለቅስ የሚነሳው፣ በመርሳ ሙቀት ተገላብጦ ገና እንቅልፍ ሲወስደው የሚቀሰቀሰውስ? እዚህ ቤት ውስጥ የማንም ሆርሞን ሻይ አያስተካክለውም። ወንድሟ በሳምንት ሦስት ቀን ቢነሳላት ግን ከማንኛውም ሻይ የበለጠ ይረዳታል።

የልጅቷን ነገር ልጨርስ። መርሳ ልንወርድ ስንል «እህቴ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?» አልኳት።

«አሥር ሰዓት። ጋግሬ ነው ወልድያ ትምህርት የምሄደው።»

«ወንድም የለሽም?»

«አለ እንጂ። እሱ ፈተና አለበት ተብሎ አይቀሰቀስም።»

«አንቺስ?»

ሳቀች። «እኔም አለብኝ እኮ።»