ትንፋሻችንን የሚያዘው ማን ነው?

«ኦክሲጅንን እናስገባለን፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እናስወጣለን» የሚለውን ቃል ሁላችንም እንደ ዳዊት በቃላችን ይዘነዋል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ «አሁን ተንፍስ፥ አሁን ቆይ እያለ ሳምባህን የሚያዘው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ «የኦክሲጅን ማነስ ነዋ!» ብሎ እንደሚመልስ አልጠራጠርም። እኔ ግን ይህ መልስ ጎደሎ ነው፤ ከጎደሎነቱም በላይ በዚህ በአዲሱ ገበያ በክረምት ከሰል አንድዶ ለሚያድር ሰው አደገኛ ነው ባይ ነኝ።

የሰውም ሆነ የበሬ፥ የውሻም ሆነ የአይጥ፥ በጠቅላላው የጡት አጥቢ እንስሳ ሁሉ ትንፋሽ የሚታዘዘው ከአንጎል ግርጌ፥ ከኅብለ ሰረሰር በላይ ካለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠባበቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን ነው። ጋዙ በደም ውስጥ ሲበዛ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ጥቂት ወደ አሲድነት ያደላል፤ ያን ጊዜ «ቶሎ ቶሎ፥ በኃይል ተንፍስ» የሚል ትእዛዝ ይወጣል። ሲያንስ ትእዛዙ ይላላል። ሆልዴንና ፕሪስትሊ የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1905 ባወጡት ጽሑፍ ይህንን በራሳቸው ትንፋሽ ሞክረው አስረድተዋል።

እንዲህ ሲባል ኦክሲጅን ዘበኛ የለውም ማለት አይደለም። በአንገታችን ግራና ቀኝ፥ ወደ ራስ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፥ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ አካላት አሉ። የቤልጅጉ ሊቅ ኮርኔይ ሄይማንስ እ.ኤ.አ. የ1938ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው የእነዚህን ዘበኞች ሥራ በመግለጡ ነው። ነገር ግን ይህ ዘበኛ እንቅልፋም ነው፤ ኦክሲጅኑ በብዙ ካልቀነሰ በቀር አይጮኽም።

እርግጥ ነው፥ በእኛ አገር ሥራ አይፈታም። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከጂቡቲ የመጣ እንግዳ የእንጦጦን ዳገት ሲጀምር ቁና ቁና የሚተነፍሰው ስለዚህ ነው። አብዝቶ በመተንፈሱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይሟጠጥበታል፤ ያን ጊዜ አንደኛው አዛዥ «ተንፍስ» ሲል ሁለተኛው «ተው» ይለዋል፤ በዚህም ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ትንፋሹ እየተቆራረጠ ይረብሸዋል። በአንጻሩ ሲንትያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ገበሬዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ የሰዎቹ ደም የተሸከመው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ደገኛ መሆን ከከሰል ጋዝ አያድንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ቤተሰብ ብርዱን ፈርቶ በሩን ይዘጋል፤ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ይወትፋል፤ ምድጃውንም ያስገባል። ጠንቃቃ የሆነው ሰው ጭሱ እስኪያልቅ በደጅ ያቆየዋል። ፍሙ ከቀላ በኋላ «አሁን ጠርቷል» ብሎ ያስገባዋል። የጠራው ግን ለዓይን ብቻ ነው። ከቀላው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ኦክሲጅንን የሚሸከመውን የደም ክፍል፥ ማለት ሄሞግሎቢንን፥ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል።

ታዲያ ሰውነት ለምን አይጮኽም? ሳምባው መሥራቱን ስላላቋረጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ አይከማችም፤ ስለዚህ የአንጎሉ አዛዥ ዝም ይላል። የአንገቱም ዘበኛ የሚለካው በደሙ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ግፊት እንጂ ሄሞግሎቢን የተሸከመውን ብዛት አይደለም፤ ግፊቱም ስላልተነካ እርሱም ዝም ይላል። ሰውየው አይታፈንም፥ ትንፋሽም አያጥረውም። ራሱን ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ ጉልበቱ ይከዳዋል፥ ይተኛል። «ቢያፍነኝ እነቃለሁ» የሚል ሰው እንግዲህ በሌለ ዘበኛ ተማምኖ ያድራል።

ይኸው አለማወቅ በዋናም ይገድላል። አንዳንድ ጎረምሶች ውሃ ውስጥ ብዙ ለመቆየት ሲሉ አስቀድመው ደጋግመው በኃይል ይተነፍሳሉ። በዚህ የሚያገኙት ትርፍ ኦክሲጅን ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዳቸውን ግን ያራግፋሉ። ስለዚህ «ውጣ» የሚለው ትእዛዝ ሳይደርሳቸው ኦክሲጅኑ ያልቅና እውኃው ውስጥ ራሳቸውን ይስታሉ።

«ድኃ በምን ይሙቅ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ከሰል አታንድዱ ብሎ መስበክም ቀላል ነው። እኔ የምለው ግን ምድጃው ከመኝታ በፊት ይውጣ፥ እስኪወጣም ድረስ በሩ ገርበብ ይበል ነው። «ንፋስ ይመታናል፥ ምች ይይዘናል» እያልን በአውቶቡስም በክፍልም መስኮት የምንዘጋ ሰዎች ይህ እንደሚከብደን አውቃለሁ። ትምህርታችንም ስለ ሳምባ በሚያስተምርበት ገጽ ላይ ስለ ምድጃው አንድ አንቀጽ ቢጨምር፥ ተማሪው ማታ ለእናቱ የሚነግራት ነገር ይኖረው ነበር።

በከሰል የተመታ ሰው ሲገኝ በየቤቱ መጀመሪያ የሚፈለገው ወተት ነው። ወተት ወደ ሆድ ይገባል፤ መርዙ ያለው በደም ነው፤ ራሱን ለሳተ ሰውም ወተቱ ወደ ሳምባው ሊገባበት ይችላል። በሩን ከፍቶ ሰውየውን ወደ ደጅ ማውጣት፥ ከዚያም ኦክሲጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። በተራ አየር መርዙ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ንጹሕ ኦክሲጅን ሲሰጠው ግን በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል።