የማያን ምድር የማያ ልጅ ያሳያችሁ

ሰሞኑን ለዕረፍት ወደ ሜክሲኮዋ ካንኩን ለመሄድ የተሰናዱ ወዳጆቼ «የጥንት ማያዎችን ከተማ ቺቼን ኢትዛን እንዴት ብናየው ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። ከአሜሪካ ወደዚያ ባሕር ዳርቻ ለጫጉላ ሽርሽርም ሆነ ለልደት የሚሄዱ ወገኖቻችን ጥቂት ስላልሆኑ የሰጠኋቸውን መልስ እዚህ ማስፈር ወደድኩ። መልሴ አጭር ነው፦ ሃምሳ ሰው ከሚጭነው አውቶቡስ ይልቅ የራሳችሁን አስጎብኚ ቅጠሩ፤ አስጎብኚው ደግሞ የማያ ተወላጅ ይሁን። አቅም አንሷችሁ አንዱን ብቻ ማግኘት የምትችሉ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ።

ምክንያቱ ረዘም ይላል። ስለ ማያ ሕዝብ በዓለም የሚናፈሰው ወሬ «ድንገት ጠፉ» በሚል ተረት ላይ የቆመ ነው። አልጠፉም። ዛሬም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች 30 ገደማ የሚሆኑ የማያ ቋንቋዎችን ይናገራሉ። ቺቼን ኢትዛ በሚገኝበት በዩካታን ልሳነ ምድር ብቻ የዩካታኑን ማያ የሚናገሩት ወደ 800 ሺህ ይጠጋሉ። በ1992 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለችው ሪጎቤርታ ሜንቹ የጓቴማላ ማያ ናት። የዚያች አገር የእርስ በርስ ጦርነት ከ1960 እስከ 1996 ከ200 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲበላ አብዛኞቹ ሟቾች ማያዎች ነበሩ። ሊያጠፏቸው የሞከሩ ነበሩ ማለት ነው፤ እነሱ ግን አሉ።

የጠፉት ከተሞቹ ናቸው። ቲካል፣ ኮፓንና ፓሌንኬ በ9ኛው መቶ ዘመን ድርቅ፣ ጦርነትና የነገሥታቱ መዳከም ተደራርበውባቸው ባዶ ቀሩ። ቺቼን ኢትዛ ግን የደመቀችው በዚያው ዘመንና ከዚያ በኋላ ነው። የመጨረሻዋ ነጻ የማያ ከተማ፣ በፔቴን ኢትዛ ሐይቅ ውስጥ የነበረችው ኖሕፔቴን፣ በስፔን እጅ የወደቀችው በ1697 ነው። በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ በዙፋን የነበረው ታላቁ ኢያሱ ነው። ታሪኩ ይህን ያህል ቅርብ ነው።

ነገር ግን ድንጋዩን የጠረበውን ሕዝብ አጠገባቸው ቆሞ እያዩት ሥራውን ለሌላ የሚሰጡ ሰዎች አልታጡም። በ19ኛው መቶ ዘመን አንዳንድ አውሮፓውያን እነዚህን ሕንጻዎች ለፊንቄዎች፣ ለግብፆች፣ ለጠፉት የእስራኤል ነገዶች አደሏቸው። ተጓዡ ጆን ሎይድ ስቲቨንስና ሰዓሊው ፍሬደሪክ ካተርውድ ከ1839 ጀምሮ በጫካው ውስጥ ተንከራተው ካዩ በኋላ ነው ስቲቨንስ «የሠሩት የእነዚሁ የአገሬው ሰዎች አባቶች ናቸው» ብሎ በግልጽ የጻፈው። ከዚያ ወዲህ እንኳ ጸሐፊው ኤሪክ ፎን ዴኒከን በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ በፓሌንኬ የተቀበረውን ንጉሥ ፓካልን የጠፈር ተጓዥ አደረገው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከቴምፕላር ባላባቶች ጋር ያያያዘውን የግራም ሃንኮክን መጽሐፍ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አይጠፋውም። ላሊበላን እዚያው ተወልዶ ባደገ ዲያቆን እየተመሩ ማየትና በድምፅ ማጉያ ከሚጮህ እንግዳ እየሰሙ ማየት አንድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ቺቼን ኢትዛም እንደዚያው ነው።

እኔ የሄድኩት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣችው እናቴና ከእህቴ ልጆች ጋር ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቶሎ ቶሎ መቀመጥ አለባት፤ አውቶቡስ ደግሞ ለማንም አይጠብቅም። አስጎብኚያችን በቫያዶሊድ አቅራቢያ ካለ መንደር የተወለደ፣ አፉን በማያ የፈታ፣ ስፓኒሽን ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ ጎልማሳ ነው። ቀድሜ ደውዬ እናቴ ሥጋም ወተትም እንደማትቀምስ ስነግረው በእነሱ ዘንድ ቦሎቄ የሚሠራው በአሳማ ስብ መሆኑን አስጠነቀቀኝና ምሳ ለምታበስል ለሚያውቃት ሴት ነግሮ ያለ ስብ እንድታዘጋጅልን አደረገ። ጾመኛ ለሆነ መንገደኛ እንዲህ የሚያስብ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

የኩኩልካን ፒራሚድ ፊት ስንደርስ በሩ ገና መከፈቱ ስለነበር ሜዳው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ፒራሚዱ በአራቱም ጎን 91 ደረጃ አለው፤ በአንድነት 364 ይሆናል፤ የላይኛው መድረክ ሲጨመር 365። በመጋቢትና በመስከረም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጠርዙ ጥላ በሰሜኑ ደረጃ ላይ እባብ ሲወርድ ያስመስላል። መውጣት ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚያስቆጭ አይመስለኝም፣ ከታች ሆኖ ለማየት የተሠራ ነው። አስጎብኚያችን አጨብጭቦ የገደል ማሚቶው እንደ ወፍ ጩኸት ሆኖ ሲመለስ ልጆቹ ከዚያ አንነቃነቅም አሉ።

ከዚያ እናቴን ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ በጣቱ መሬት ላይ እየጻፈ የአባቶቹን አቆጣጠር አስረዳን። ዓመታቸው እያንዳንዳቸው 20 ቀን የሆኑ 18 ወራት አሉት፤ 360 ይሆናል። ከዚያ 5 ቀን ይተርፋል። እኔ ተርጉሜ ሳልጨርስ እናቴ «እንግዲያው እናንተም ጳጉሜን አላችሁ በለው!» አለችኝ። ነገርኩት። የእኛ ዓመት 12 ወር በ30 ሆኖ 5 ወይም 6 ቀን እንደሚተርፈው ሲሰማ እንደገና እንድደግምለት ጠየቀ። ልዩነቱ እነሱ አምስቱን ቀናት ይፈሯቸው የነበረ መሆኑ ነው፤ ክፉ ነገር ይመጣባቸዋል ብለው ከቤት መውጣት እንኳ ይጠሉ ነበር። እናቴ በሩፋኤል ዕለት ሰማይ ተከፍቶ የሚዘንበው ዝናብ ጸበል እንደሆነና ልጆች ራቁታቸውን እንደሚታጠቡበት ነገረችው። ማያዎች ሌላ 260 ቀን ያለው አቆጣጠርም አላቸው፤ ሁለቱ በ52 ዓመት አንድ ጊዜ ይገጥማሉ። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ፣ ዐቢይ ቀመር በ532 ዓመት እንደሚዞር የተማረ ሰው ይህን ስሌት ሲሰማ ሊቃውንቱን እንዲያከብር ማንም ሊነግረው አያሻም። ሁለት ሩቅ ሕዝቦች፣ አንዱ ከሌላው ሳይማር፣ ከፀሐይ ዓመት የተረፈችውን አምስት ቀን ለይተው አስቀመጧት።

ይህ ንግግር በአውቶቡስ ጉብኝት ሊሆን አይችልም። እዚያ የሚናገረው አንድ ሰው ነው፤ ጠያቂ ካለም አንድ ጥያቄ ጠይቆ ወደ ሰልፉ ይመለሳል።

የማያ ተወላጅ ሁሉ ጥሩ አስጎብኚ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። አንድ መፈተኛ አለኝ። 168 ሜትር ርዝመት ባለው ትልቁ የኳስ ሜዳ ስትቆሙ፣ ግድግዳው ላይ አንገቱ የተቀላ ተጫዋች ተቀርጾ ታያላችሁ፤ ደሙ እባብ ሆኖ ይፈስሳል። «የሚሠዋው አሸናፊው ነው ወይስ ተሸናፊው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙዎች ጎብኚን ለማስደነቅ «አሸናፊው!» ብለው ያልፋሉ። የእኛው ሰው «ቅርጹ አይናገርም፤ ሊቃውንቱም አልተስማሙም» አለን። እንዲህ የሚል አስጎብኚ ሲገጥማችሁ ሌላውንም ቃሉን እመኑት።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው የዝናቡ ነገር ነው። በሰሜን ዩካታን በምድር ላይ የሚፈስስ ወንዝ የለም። ምድሪቱ የኖራ ድንጋይ በመሆኗ ዝናቡን ትውጠዋለች፤ ውኃ የሚገኘው ሴኖቴ ከሚባሉት፣ ጣሪያቸው ከተደረመሰ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የዝናብ አምላካቸው የቻክ ፊት በየሕንጻው ማዕዘን አፍንጫውን አጥፎ የሚታየው ስለዚህ ነው። አስጎብኚያችን ይህን ካሳየን በኋላ አያቱ ዝናብ ሲዘገይ ከመንደሩ ገበሬዎች ጋር በማሳው ላይ መሠዊያ አቁመው ሲለምኑ በልጅነቱ ማየቱን፣ ሥርዓቱም እስከ ዛሬ በአንዳንድ መንደሮች እንደሚካሄድ ነገረን። እናቴ «እኛም ምህላ እንይዛለን» አለች። ሰማይ ሲዘጋ የሚሆነውን ሁለቱም ያውቁታል። ሺህ ዓመት ያለፈው ድንጋይ በዚያች ቅጽበት የትናንት ሆነ።

ቅዱሱ ሴኖቴ ጋ ስንደርስ የአስጎብኚያችን ድምፅ ተለወጠ። ኤድዋርድ ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1894 ፍርስራሹ ያለበትን ርስት ገዛ። ከ1904 ጀምሮ ጉድጓዱን በማሽን እያስቆፈረ ያወጣውን ወርቅ፣ ጄድና የሰው አጥንት ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፒቦዲ ሙዚየም ላከው። ከፊሉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሷል። የመቅደላን የ1868 ዝርፊያ ለምናውቅ ሰዎች ማብራሪያ አያሻንም። የባሰው ግን የመጻሕፍቱ ነው። ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለው ፍራንቸስካዊ መነኩሴ በሐምሌ 1562 በማኒ ከተማ የማያ መጻሕፍትን ሰብስቦ አቃጠለ። ዛሬ በመላው ዓለም የተረፉት የጥንት የማያ መጻሕፍት 4 ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ የሚታወቁት በሚገኙባቸው በድሬስደን፣ በማድሪድና በፓሪስ ከተሞች ስም ነው፤ አራተኛው ሜክሲኮ ውስጥ አለ። በየገዳሙ ብራና የተከማቸበት አገር ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ መናገር አቃተኝ። አራት! ጽሕፈቱን ማንበብ የሚችል ሰው ለዘመናት ከታጣ በኋላ ዩሪ ክኖሮዞቭ የተባለ ሶቪየታዊ ምሁር በ1952 የንባቡን መንገድ ከፈተ። ለዚህም የተጠቀመው ያው መጻሕፍቱን ያቃጠለው ላንዳ ጽፎ በተወው ማስታወሻ ነው። ዛሬ የማያ ወጣቶች የአባቶቻቸውን ፊደል እንደገና እየተማሩ ነው።

ምሳችንን የበላነው በመንደሩ፣ በዚያችው ምሳ አብሳይ የሣር ክዳን ቤት ነው። እሳቱ የሚነደው በሦስት ጉልቻ መካከል ሲሆን ቶርቲያው ከላይ በተጣደው ምጣድ ላይ ይጋገራል። እናቴ ሳትጠየቅ ከሴትየዋ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው ሁለቱ ሴቶች ስለ ሊጡ ተግባቡ። ማያዎች ዓለም ሲፈጠር አማልክቱ በመጀመሪያ ያኖሩት ሦስት የጉልቻ ድንጋዮችን ነው ይላሉ፤ ሰውም የተሠራው ከበቆሎ ሊጥ ነው ይላሉ። እኛም የምንዘራው በቆሎና የምንደልዘው በርበሬ ዘራቸው ከዚያው አካባቢ ወጥቶ ነው ውቅያኖስ ተሻግሮ የደረሰን። የቤቱ ባለቤት ክፍያውን ምንም ሳይቆረጥባት በእጇ ተቀበለች። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ምሳውን የሚበላው በትልቅ አዳራሽ ነው፤ ቀኑም ኮሚሽን በሚከፍሉ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ውስጥ ያልቃል። ቺቼን ኢትዛን በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ያየበት ጊዜ አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው ገንዘብ ፒራሚዱን ለሠሩት ሰዎች ልጆች የሚደርሰው በጎብኚው ምርጫ ነው የሚወሰነው።

«ውድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ለአንድ ሰው አዎን፣ ውድ ነው። አራት አምስት ሆናችሁ ስትካፈሉት ግን ልዩነቱ ይጠብባል፤ አረጋዊ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ዋጋው አያከራክርም። ስትቀጥሩ የሜክሲኮ ቱሪዝም ሚኒስቴር የሰጠውን የአስጎብኚነት መታወቂያ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ የየት መንደር ልጅ እንደሆነና ቤቱ ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩም ጠይቁት፤ ደስ ብሎት ይነግራችኋል። ከካንኩን እስከዚያ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። የዩካታን ሰዓት ከካንኩን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብትነሱ ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ሲከፈት ትደርሳላችሁ፤ አውቶቡሶቹ ግን ከረፋዱ በኋላ ነው የሚመጡት። ኮፍያና ውኃ ያዙ፤ ጾም ላይ ከሆናችሁ ስለ አሳማው ስብ አስቀድማችሁ ንገሩ። በግቢው ውስጥ የእንጨት ቅርጽ ከሚሸጡት የአካባቢው ሰዎች የምትገዙ ከሆነም የቀረጸው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ግዙ።