ቀበቶና ምስክር

በአገራችን ከተሞች ወደ ማታ ግድም ነጭ ልብስ ለብሰው፤ ወገባቸውን በቢጫ ወይም በአረንጓዴ ቀበቶ ታጥቀው ወደ ቴኳንዶ ማሠልጠኛ የሚሄዱ ልጆችን ማየት የተለመደ ሆኗል። ወላጅ «የልጄ ቀበቶ መቼ ይለወጣል?» እያለ ይጠይቃል፤ ልጁም ከጓደኛው ጋራ ሲገናኝ ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ከወገቡ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ቀበቶው ጥቂት ቃል መናገር የሚገባ መስሎናል።

ነጩ ቀበቶ ሳይታጠብ ብዙ ዓመት ከመታጠቁ የተነሣ ጠቆረ የሚል ተረት ይነገራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጥንት ዘመን የጃፓን የትግል መምህራን ለደቀ መዝሙራቸው የሚሰጡት የምስክር ጥቅልል እንጂ ባለቀለም ቀበቶ አልነበረም። ጂጎሮ ካኖ የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ከመሠረተ በኋላ «ዳን» የሚባለውን ደረጃ ለተማሪዎቹ ሰጠ፤ ጥቁሩም ቀበቶ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መጣ። የኮሪያው ቴኳንዶም ይህንኑ ሥርዐት ተከተለ። ከቴኳንዶ ወገኖች አንደኛው ለቀለሞቹ በሰጠው ትርጓሜ ነጩ ገና ያልተማረ፤ ቢጫው ዘር ሥር የሚሰድበት መሬት፤ አረንጓዴው ቡቃያው ነው። በጉና ሥር ገብስ የሚዘራ ገበሬ ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለንም፤ እርሱ ቡቃያ አይቶ ጎተራ አይጠርግምና።

ጥቁሩስ? በጃፓን ቋንቋ የመጀመሪያው ጥቁር ቀበቶ «ሾዳን» ይባላል፤ ይኸውም የመነሻ ደረጃ ማለት ነው። በሴኡል የሚገኘው ኩኪወን ከአንደኛ ዳን ወደ ሁለተኛ ለማለፍ ቢያንስ 1 ዓመት፤ ወደ ሦስተኛ 2፤ ወደ አራተኛ 3 ዓመት ያስጠብቃል።

የደቡብ ጎንደር ተማሪ ግን ይህን ለመረዳት በሐሳቡ እስከ ቶኪዮ መጓዝ አያስፈልገውም። ከደብረ ታቦር ወዲያ በጋይንት ቤተ ልሔም አለች። ድጓን በሌላ ደብር የተማረ ሁሉ፤ መምህሩ የቱንም ያህል ቢያመሰግነው፤ ዕውቀቱ የሚጸናለት ቤተ ልሔም ወርዶ፤ በማያውቀው መምህር ፊት ቀርቦ ያስመሰከረ እንደ ሆነ ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረውም ዙር አምባ ይሄዳል። ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ያሳለፈ ተማሪ ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ለስም ብቻ አይደለም፤ ሳያውቅ መሪጌታ የተባለ ሰው በማሕሌት ሌሊት ዜማው ከእርሱ ሲጠበቅ ጉዱ ይወጣልና።

እንግዲህ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስተምረው፤ የሚፈትነውና ቀበቶውን የሚያስታጥቀው አንድ ሰው በሆነበት ቦታ ሁሉ ፈተናው መላላቱ አይቀርም። በእንዲህ ያለ ቀበቶ ተማምና በምሽት ብቻዋን የምትሄድ ልጅ የሐሰቱን ምስክር ዋጋ በገዛ አካሏ ትከፍላለች። በመሥሪያ ቤትም ሳይገባው በደብዳቤ ብቻ ከፍ ያለውን ሰው እናውቀዋለን፤ የእርሱ ጉዳት ግን የሚያርፈው በባለጉዳዩ ላይ ስለ ሆነ ለራሱ እምብዛም አይሰማውም።

ቀበቶን መናቃችን ግን አይደለም። ዐሥር ዓመት ለሆነው ልጅ የሩቁ ግብ አይታየውም፤ የሚቀጥለው ቀለም ግን ይታየዋል፤ ለዚያም ሲል በብርድ ማለዳ ይነሣል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰሎሞን ደምሴ በ2013 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በቶኪዮ ኦሎምፒክ አገራችንን ወክሎ በቴኳንዶ ሲወዳደር ባላንጣው እንደርሱው ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ነበር፤ ዳኞቹም የቈጠሩት ምት እንጂ ቀበቶ አልነበረም።

ስለዚህ ለአሠልጣኞች አንድ ነገር እናሳስባለን። የደብረ ታቦሩን ተማሪ የወረታ ወይም የነፋስ መውጫ መምህር ይፈትነው፤ የነፋስ መውጫውንም የደብረ ታቦሩ። ወላጆችም ከዳር ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ያለፈውና የወደቀው ስም በዚያው ቀን በሁሉም ፊት ይነበብ።