በመስታወት ገንዳ ስለሚያድግ መርጃን

በካዛንቺስና በቂርቆስ በቤታቸው የባሕር መርጃን ለማሳደግ ለሚሹ ወዳጆቻችን ጥቂት ቃል እንጽፋለን። መርጃን አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ የሚበዛውን ምግቡን የሚሰጡት በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን አልጌዎች ናቸው። ውሃው እጅግ ሲሞቅ ይለዩታል፤ እርሱም ነጥቶ ይራባል። ስለዚህ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፥ ጨዉም በሺህ ግራም ውሃ 35 ግራም ይሁን።

ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፥ አየሯም ስስ ስለ ሆነ፥ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን በምጽዋ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። እንግዲህ መብራት በጠፋ ሌሊት ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኖ የሚተኛ ሰው ግማሹን ብቻ ሠርቷል፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አስቀድሞ ያኑር። ከሌለውም ውሃውን በጣሳ እየቀዳ ከፍ አድርጎ ይመልስ፤ ይህም ለዘበኛ የሚተው ሥራ አይደለም።