«የስ» ብቻውን መልስ አይሆንም

አንድ ሠራተኛ ከውጭ አገር አለቃው በእንግሊዝኛ መልእክት ደረሰው እንበል። «ሪፖርቱን አልላክኸውም?» ይላል። አልላከውም። በአማርኛ ቢጠየቅ «አዎ፣ አልላክሁትም» ይል ነበርና «የስ» ብሎ ይመልሳል። አለቃው ደግሞ ተልኳል ብሎ ኢሜይሉን ይበረብራል። የዋሸ የለም፤ የተግባባም የለም።

ጉዳዩ ቀላል ነው። የአማርኛው «አዎ» ከጠያቂው አባባል ጋር መስማማት ነው፦ «አዎ፣ ልክ ነህ፣ አልላክሁትም»። እንግሊዝኛው ግን ጥያቄው በአሉታ ቢመጣም ግድ የለውም። ነገሩ ከተደረገ «የስ»፣ ካልተደረገ «ኖ» ነው። ስለዚህ ያልላከ ሰው «ኖ፣ አይ ሃቭንት»፣ የላከ ደግሞ «የስ፣ አይ ሃቭ» ብሎ ይጽፋል።

ከሪፖርት የከፋም አለ። «የመድኃኒት አለርጂ የለብህም አይደል?» ተብሎ በጽሑፍ የተጠየቀ ሕመምተኛ፣ በልቡ «አይ፣ አለብኝ» እያለ «ኖ» ብቻ ቢልክ፣ አንባቢው «የለበትም» ብሎ ይመዘግባል። ፊት ለፊት ቢሆን የፊቱ ገጽታና የድምፁ ቃና ያስጠረጥር ነበር። ጽሑፍ ላይ ግን ያቺ አንዲት ቃል ብቻዋን ትቀራለች።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ በዚህ ተጨቃጭቀዋል። ድሮ ለአሉታዊ ጥያቄ «የስ» እና «ኖ»፣ ለሌላው «ዬ» እና «ኔይ» የሚሉ የተለያዩ ቃላት ነበሯቸው። ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1532 የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚውን ዊልያም ቲንደልን «ኔይ» ማለት ሲገባህ «ኖ» ብለሃል ብሎ ወቅሶታል። ልዩነቱ ከጊዜ በኋላ ጠፋ። ፈረንሳይኛ በ«ሲ»፣ ጀርመንኛ በ«ዶህ» እስከ ዛሬ አሉታዊውን ጥያቄ ለይተው ያፈርሳሉ።

«ቋንቋው የእኛ አይደለም፣ ከተግባባን ይበቃል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን እዚህ ላይ የጠፋው መግባባቱ ራሱ ነው። ተማሪው አጭር መልስን በባዶ ቦታ መሙያ ሲለማመድ፣ አማርኛው በተቃራኒው እንደሚሄድ የሚነግረው መምህር ያስፈልገዋል። ጠያቂውም «ልከኸዋል?» ብሎ በቀጥታ ቢጠይቅ ግማሹ ችግር ይቀላል።

እስከዚያው ግን «የስ» ወይም «ኖ» ብለው አያቁሙ። ሁለት ቃል ይጨምሩ። ያቺ «አይ ሃቭንት» ለአነጋገር ማሳመሪያ የገባች አይደለችም፤ መልሱን የያዘችው እሷ ናት።