ሰይፍ የማይጠግን ቀጥቃጭ

በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚጫወቷቸው ጌሞች አሉ። «የልጆች ነገር!» ብለው ገጹን ሊገልጡ ከሆነ ትንሽ ይታገሡኝ። እዚያ ዓለም ውስጥ ተዋጊ ብቻ አይደለም ያለው፤ ቀጥቃጭ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ገበያና ገንዘብም አለ። ሙያ ካለ ደግሞ ነገሩ የአዋቂም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት»ን እንውሰድ። ጌሙ ሲወጣ ሕጉ እንዲህ ነበር። ተጫዋቹ በጠላት በተገደለ ቁጥር የለበሰው ትጥቅ ከጥንካሬው 10 በመቶ ያጣል። ጥንካሬው ዜሮ ሲገባ ጥሩሩ መከላከያነቱ ይቀርና ጌጥ ይሆናል። ይጠገን እንግዲህ! ማን ጋ? ማዕድን ቆፍሮ፣ ብረት አቅልጦ፣ የቀጥቃጭነትን ጣሪያ የነካ ጓደኛዎ መዶሻውን ይዞ አጠገብዎ ቆሟል። እሱ ግን የእርስዎን ሰይፍ መጠገን አይችልም! የሚጠግነው ኮምፒውተሩ ያቆመው ሻጭ ነው። አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ወርቅዎ ይቀነሳል፣ አለቀ። በመሐንዲስነት የሠለጠነ ተጫዋች የጥገና ሮቦት ሠርቶ ቢያቆም እንኳ ክፍያው ለሮቦቱ ነው፤ ለሠሪው ሰባራ ሳንቲም አትደርሰውም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኼ ነው።

ወርቁስ የት ይገባል? የትም፤ ይጠፋል። አውሬ በተገደለ ቁጥር አዲስ ወርቅ ስለሚፈጠር፣ የሚወጣበት ቀዳዳ ካልተበጀለት የገበያው ዋጋ ሰማይ ይነካል። ስለዚህ «ጥገና» የተባለው ነገር በግልጽ ዐማርኛ ግብር ነው። ግብሩስ ይከፈል። እኔን የሚያናድደኝ ግብሩን ለመሰብሰብ ሲባል የቀጥቃጩ እንጀራ መነጠቁ ነው።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረው «ኡልቲማ ኦንላይን» የተጎዳ ጥሩር ሰው ለሆነ ቀጥቃጭ ይሰጥ ነበር። ጥገናው ራሱ ከዕቃው ዕድሜ ሊቀንስ ስለሚችል ጎበዝ እጅ ይፈለጋል። የሙያው አናት ላይ የደረሰ ቀጥቃጭ በሠራው ዕቃ ላይ ስሙ ይጻፍለት ነበር። በዚያ ዓለም ስም የሚገኘው በመግደል ብቻ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ስታር ዋርስ ጋላክሲስ» ደግሞ ከ30 በላይ ሙያዎች ነበሩት። መሣሪያው ያረጃል፤ ገዢው ወደ ሠሪው ይመለሳል። በኅዳር 2005 ግን ኩባንያው ጌሙን ገልብጦ ሙያዎቹን 9 አደረጋቸው፤ የእጅ ሙያውን ሁሉ «ነጋዴ» በሚል አንድ ስም ጠቀለለው። ብዙ ተጫዋቾች ተቆጥተው ወጡ። ጌሙ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ተዘጋ። የተዘጋው በዚህ ብቻ ነው አልልም። ግን ባለሙያን በአንድ ሌሊት ማፍረስ ምን እንደሚመስል አሳይቶን አልፏል።

«ታዲያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጥሩሬ ቢሰበር ቀጥቃጭ ከየት ላምጣ?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ሰውም ይተኛል። እንግዲያው ሻጩ ይኑር፣ ግን እስከ ግማሽ ብቻ ይጠግን፤ ሙሉውን ባለሙያው ይሥራው። ቀጥቃጩም ከሰሉን ከዚያው ሻጭ በወርቅ ይግዛ። ወርቁ እንደ ድሮው ይጠፋል፣ ግብሩም አይቀርም፣ ሰውም ለሰው ያስፈልጋል። ይኼን ለመሥራት ምን ይከብዳል?

እኛ ስለ ቀጥቃጭ አፋችንን ሞልተን የምንናገር ሰዎች አይደለንም። «ቡዳ» ብለን ሰድበነዋል፤ ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን የሚሳደበውን የሚገሥጽ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ሆኖም ማረሻችን በደነዘ ቁጥር ከደጁ አልጠፋንም። እየናቅነውም ያስፈልገን ነበር። የጌም ሠሪዎቹ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው። ቀጥቃጩን አይሰድቡትም፤ ማዕረግ ይሰጡታል፣ መዶሻ ያስይዙታል፣ ከዚያ ደጁን የሚረግጥ ደንበኛ ያሳጡታል። ከሁለቱ ንቀት የትኛው እንደሚከፋ ሥራ ፈትቶ የቆመውን ይጠይቁት።