ሽምደዳ የማያሻግረው ፈተና

የአክስቴ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ናት። በቅርቡ ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ ጠረጴዛዋ ላይ ከቴሌግራም አውርዳ ያሳተመችው ወፍራም ጥራዝ ተቀምጧል፤ ገጹ ሁሉ በቢጫ ቀለም ተሰምሮበት ጠርዙ አልቋል። «ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ጋት ላይ ግን አንዱም አልመጣም» አለችኝ፤ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለቷ ነው። ቀን ስታስተምር ውላ፣ ማታ ልጆቿን አስተኝታ ነው ያን ሁሉ ያነበበችው። ያንገበገበኝ እሱ ነው፤ ልፋት አላነሳትም፣ ልፋቷ ግን ያለቦታው ፈሰሰ።

የእሷ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2015 የመጀመሪያ ዲግሪ የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት መስኮች በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ፤ ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ የድኅረ ምረቃ መግቢያው ብሔራዊ ፈተና መጣ። ተከታትለው ስለመጡ ብዙ ሰው ለሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ ይዘጋጃል። የመውጫ ፈተና ግን በአራትና በአምስት ዓመት የተማርነውን የሚጠይቅ ነው፤ ሃንዳውት ደጋግሞ ያነበበ ይጠቀማል። የጋት የቋንቋ፣ የስሌትና የማመዛዘን ጥያቄ የሚፈትነው ሌላ ነገር ነው፤ አይተነው የማናውቀውን ነገር እዚያው ቁጭ ብለን ማሰብ መቻላችንን።

ያን ዕለት ማታ አብረን ከሠራናቸው ጥያቄዎች አንዷ ይህች ነበረች። አንድ አውቶቡስ ሲሄድ በሰዓት 60፣ በዚያው መንገድ ሲመለስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ተጓዘ፤ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? የአክስቴ ልጅ ሳታመነታ 50 ላይ አከበበች። መልሱ 48 ነው። መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ነው ብንል ሲሄድ 2 ሰዓት፣ ሲመለስ 3 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ደርሶ መልሱ 240 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት ማለት ነው። ቀርፋፋው ጉዞ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ አማካዩን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። 50 ከምርጫዎቹ መካከል የገባው በአጋጣሚ አይደለም፤ የሚቸኩል ሰው የሚይዘው እሱን መሆኑን ጥያቄ አውጪው ያውቃል።

መልሱን ከጀርባ አይታ «አሃ!» አለችና ገጹን ልትገልጥ ስትል እጇን ያዝኩት። ዝግጅቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነውና። ለምን 50 አልሽ? ምን ብለሽ አሰብሽ? ይህን ሳትጽፍ ያለፈች ሰው ሺህ ጥያቄ ብትሠራ ያንኑ ስህተት ሺህ ጊዜ ትደግመዋለች።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት አሳምረው ያውቁት ነበር። በንባብ ቤት ተማሪው ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ይይዛል። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ትናንት የተባለውን ይዞ መምጣት አያዋጣውም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም የቱ ጋ እንደተሰበረ አሳይቶ ያርመዋል። በየቀኑ መሞከር፣ በየቀኑ መታረም ነው። ለጋት የሚበጀው ዝግጅት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ለውጭ ትምህርት ጂ.አር.ኢ የሚፈተኑ ልጆቻችንም ያው ናቸው፤ የቃላት ዝርዝር ሲሸመድዱ ወራቸውን ይጨርሳሉ። ፈተናው ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል። የመጀመሪያው የሒሳብ ክፍል 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ 2 ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ሰዓት ሳይዙ መለማመድ ራስን ማታለል ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ክፍት ትቶ መውጣትም ኪሳራ ነው። ከ200 ዶላር በላይ የሚከፈልበትን ፈተና እንዲህ ያለውን ሳያውቁ መቀመጥ ያሳዝናል። አዘጋጁ ኢ.ቲ.ኤስ ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎችን በነፃ ይሰጣል፤ የድርሰቱን ርእሶች እንኳ ሳይቀር አስቀድሞ ለሕዝብ ያወጣል። ርእሱን ቀድሞ ማየት ብቻውን ነጥብ አያስገኝም፤ መጻፍን መለማመድ እንጂ። እዚህ «የዘንድሮው የጋት ፈተና እጃችን ላይ አለ» እያሉ ከመምህራን ደሞዝ ላይ የሚቆርሱ ሰዎች ግን ከዚህ በተቃራኒ ነው የሚሰብኩት። የአክስቴ ልጅም ከፍላቸዋለች።

ለእነዚህ ነጋዴዎች ገበያ የከፈተላቸው ጋት የተሸፈነበት ጨለማ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ያለፉ ፈተናዎችን በየዓመቱ ከነመልሳቸው፣ ከሁሉም በላይ ከነማብራሪያቸው በይፋ ያውጣ። በገጠር ወረዳ የምታስተምር መምህርት ኢንተርኔት ባገኘች ቀን አውርዳ የምትይዘው፣ የታመነና የመንግሥት ማኅተም ያለበት ሰነድ ይገባታል። የምጠይቀው ትልቅ በጀት የሚፈልግ ነገር አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ጥራዙን ትታ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝታለች። በየምሽቱ የስልኳን ሰዓት ሞልታ 10 ጥያቄ ትሠራለች፤ ከዚያ የተሳሳተቻቸውን ብቻ ደብተሩ ላይ እየጻፈች ከጎናቸው ምክንያታቸውን ታሰፍራለች። ባለፈው እሑድ አሳየችኝ። ሦስት ገጽ ሞልቷል፤ ከግማሽ በሚበልጡት ጎን የተጻፈው አንድ ነው፤ «ጥያቄውን እስከ መጨረሻ አላነበብኩም»።